አፋቸውን የከፈቱ ምእመናን

በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። የሦስተኛው ፎቅ ሐኪም ቀጭንና ረጅም፣ ጫማው እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ከእምነቱ በቀር ሌላ ወሬ የማይጥመው ሰው በመሆኑ ሠፈሩ «ሰባኪው» ይለዋል። የምድር ቤቱ ሐኪም ደግሞ ወፍራምና ሳቂታ፣ ከነጭ ካፖርቱ ላይ የምሳው ነጠብጣብ የማይጠፋ፣ በዓይኑ ካላየ የማያምን ሰው ነውና «ጠርጥር» ይሉታል። በአንድ ክፍል ተምረው በአንድ ቀን ተመርቀዋል። ደረጃው ላይ ሲገናኙ ስለ አየሩ ያወራሉ፤ አየሩም ሲያልቅባቸው ስለ ውኃ መስመሩ።

ሰባኪው ስለ እምነቱ መመስከር የክርስቲያን ሁሉ ዕዳ ነው ብሎ ያምን ነበር። እሰየው ነው። ችግሩ ቦታ አመራረጡ ላይ ነበር። በመንገድ ላይ ለማንም አይናገርም፤ በአውቶቡስ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠውን ቀና ብሎ አያይም። በሽተኛው ግን ወንበሩ ላይ ተንጋልሎ፣ ድዱ ደንዝዞ፣ ጉንጩ በጥጥ ተወጥሮ፣ የምራቅ መምጠጫው ቱቦ ከከንፈሩ ጥግ ሲንጠለጠል፣ ያን ጊዜ የሰባኪው አንደበት እንደ ምንጭ ይፈታል።

«ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፣ እመቤቴ። ለመሆኑ ጌታ ስለ እርስዎ እንደ ሞተ ያምናሉ?»

«እእ።»

«ከዛሬ ጀምሮ በመንገዱ ለመሄድስ ይወስናሉ?» መሰርሰሪያው ይጮኻል።

«እእእ!»

«ተመስገን!»

ማታ ቤቱ ሲገባ «ዛሬም አንዲት ነፍስ!» ይላል፣ ኮቱን ገና ሳያወልቅ።

አስተማሪ የሆነችው ሚስቱ ከምታርመው ፈተና ቀና ብላ፣ «እነዚህ ሁሉ ነፍሳት እሑድ እሑድ የት ነው የሚውሉት?» ትለዋለች።

«እኔ እዘራለሁ። ማብቀል የእኔ ሥራ አይደለም።»

ዝናው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው የምስክርነት አገልግሎቱ መሪ እንዲሆን መረጡት፤ በመጪው እሑድም «ያለ ፍርሃት መመስከር» በሚል ርእስ ጉባኤውን እንዲያስተምር አዘዙት። ሰባኪው ይህን ሹመት ለረጅም ጊዜ በልቡ ሲመኘው የኖረ ነውና ደስታው ወሰን አጣ። መንጋጋው ግን ሹመት አያውቅም። ሐሙስ ጠዋት ታችኛው መንጋጋው ጭንቅላቱን ለሁለት ሊሰነጥቀው ደረሰ። ሐኪም የገዛ ጥርሱን አይሰረስር ነገር፣ ጉንጩን በመሐረብ ደግፎ ደረጃውን ወረደ።

ጠርጥር ሲያየው ሁለት እጁን ዘረጋ። «አንተ! በመጨረሻ ወደ ምድር ወረድክ!»

አስተኛው፣ ወጋው፣ ጥጡን ጠቀጠቀበት፣ ቱቦውን አንጠለጠለለት። ከዚያ በርጩማውን ስቦ ተጠጋ።

«መቼም እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አላገኝም። በሽተኞችህ እኔ ዘንድ ሲመጡ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? ‹ድዳችን ደነዘዘ፣ ምነው ጆሯችንንም በወጋው ኖሮ!›» ሆዱ እስኪነቀነቅ ሳቀ። «እስቲ ዛሬ እኔ ልስበክህ። ይሄ የሰማይ ቤት ነገር ተረት ነው፣ አይደል?»

ሰባኪው የሚመልሰው ሞልቶታል፤ አፉ ውስጥ ያለው ግን ጥጥ ነው። «እእ» አለ።

«ሰው ሲሞት አለቀ፣ አበቃ። አይደል?» መሰርሰሪያው ወደ ነርቩ ተጠጋ።

«እእእ!»

«በል ይቺ የመጨረሻዋ ናት። እግዚአብሔር የለም። እ?»

እዚህ ላይ ጠርጥር መሰርሰሪያውን አጥፍቶ ጠበቀ። ሰባኪው ግራ እጁን ማንሣት ይችል ነበር፤ ለስንቱ በሽተኛ የነገረው ምልክት ነው። ግራ እጁ ግን የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ቀረ። ቶሎ እንዲያልቅለት፣ በገዛ ፈቃዱ፣ በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ።

«ተመስገን!» አለ ጠርጥር፣ በሣቅ እየተንከተከተ። «ቀልዴን ነው፣ ወንድሜ። ተጉመጥመጥ።»

ሰባኪው ተጉመጥምጦ ተፋ። አሁን አፉ ባዶ ነው። ጠርጥር ጓንቱን እያወለቀ አየው፤ ሣቁ ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ።

«አትመልስልኝም እንዴ? ይህን ሁሉ ዘመን ስጠብቅህ ኖሬያለሁ እኮ። ለመጣው ሁሉ ትሰብካለህ፤ ከእኔ ጋር ግን ስለ ዝናብ ነው የምታወራው። የእኔ ነፍስ ምን ጎደላት?»

«ከንፈሬ ደንዝዟል» አለ ሰባኪው፣ አንዲትም ፊደል ሳይስት፤ ወጥቶም ሄደ።

ማታ ገበታው ላይ እናቱ፣ ሚስቱና ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ከበውት ተቀምጠዋል። እሱ ሾርባውን በማንኪያ ያማስላል እንጂ አይቀምስም።

«አባዬ፣ ለእሑዱ ትምህርት ተዘጋጀህ?» አለች ልጁ።

ማንኪያውን አስቀመጠና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ንቅነቃውንም ጭምር።

«ኧረ አይዞህ ልጄ» አሉ እናቱ። «ጴጥሮስም ክዶ ነበር።»

«ጴጥሮስን የገረድ ጥያቄ አስደንግጦት ነው፣ እማዬ።»

«አንተንስ መንጋጋህ! እሱ ሰውዬ ጥርሱን ቢያመው ኖሮ ዶሮውን መች ይጠብቅ ነበር?»

ሚስቱ ሣቋን አፍና ልትይዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እሱም ባበጠው ጉንጩ በኩል ትንሽ ሳቀና ወዲያው ተከዘ።

«እሑድ አላስተምርም» አለ። «ሹመቱንም እመልሳለሁ። ለሽማግሌዎቹ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የመሰከርኩት መልስ መስጠት ለማይችል ሰው ብቻ ነው። ከእንግዲህ ወንበሬ ላይ የተኛ ሰው ከእኔ የሚሰማው ስለ ጥርሱ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ ምድር ቤት እወርዳለሁ።»

«ለጠርጥር ልትነግረው?» አለች ሚስቱ። «በክርክር ይረታሃል እኮ።»

«ይረታኛል። ተማሪ ቤትም ይረታኝ ነበር። ማመኔን ግን ከገዛ አፌ ይስማ።» ሾርባውን ወደ ራሱ ሳበ። «ለምሳ አትጠብቁኝ፤ እሱም የሚለኝ ብዙ ነገር ይኖረዋል።»