ላላጠፋው ጥፋት ይቅርታ

ባሌን ገዱን የያዙት ገብስ ጭኖ ወደ ደባርቅ ገበያ ሲሄድ ኬላው ላይ ነው። አንዱ ፖሊስ መልክ የሚለይ መሣሪያ የተጫነበትን ስልኩን ፊቱ ላይ ደገነበት፤ ስልኩ ጮኸ። በዛሪማ መንገድ ሹፌር ገድሎ የተሰወረ ሰው አለ፣ መልኩ ካንተ ጋር አንድ ነው አሉት። ስሙን የጠየቁት እንኳ ካሰሩት በኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። ጣቢያ ሄጄ አዛዡን፣ "ሹፌሩ በተገደለበት ቀን ባሌ ደረስጌ ማርያም ክርስትና ሲያነሳ ነው የዋለው፤ አገር አይቶታል" አልኩት።

"ሰው ይዋሻል፤ መሣሪያው አይዋሽም።"

"መሣሪያውንስ የሠራው ሰው አይደለም እንዴ?" ስለው አስወጣኝ።

የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤል ሽማግሌ ሰብስበው ወደ አዛዡ ሄዱ። እኛ አገር ሽማግሌ ሲለምን አስቀድሞ "አጥፍተናል" ይላል፣ ባያጠፋም። የተቆጣው ከበረደ በኋላ ነው ቁጭ ተብሎ እውነቱ የሚወራው። አባ በዚያ እርጅናቸው ድንጋይ ተሸክመው፣ "ልጃችን አጥፍቷል፤ ስለ እመቤታችን ይቅር በሉት" አሉ። አዛዡ ድንጋዩን አወረደላቸው። ይፈታል ብለው ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ አዛዡ ቆመና፣ "መሣሪያው ለይቶታል፤ የገዛ ሽማግሌዎቹም ጥፋቱን አምነውልናል" አለ።

አባ ከኋላ ተነሡ። "ጌታዬ፣ እሱ እኮ የልመና ቃል ነው።"

ዳኛው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው፤ የእኛን ልማድ አያውቅም። "ብለዋል ወይስ አላሉም?"

አባ መስቀል ጨብጠው እንዴት ይዋሹ? "ብያለሁ" አሉ። ገዱ ዘወር ብሎ አያቸው። ከዚያ ወደ ወህኒ ወሰዱት።

ክረምቱ ወጥቶ ገዳዩ ዛሪማ ላይ ተያዘ፤ አምኖ ተናገረ። አዛዡ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበትና ገዱን ሳይለቅ ስንት ጊዜ አመላለሰን። የኋላ ኋላ ገዱ ሲፈታ አዛዡን፣ "ለዚህ ማን ይጠየቃል?" አልኩት። መሣሪያው ተሳስቶ ነው አለኝ። መሣሪያውን ያመጡት አለቆች ዘንድ ብሄድ፣ "መሣሪያው ይጠቁማል እንጂ እሰሩ አይልም" አሉኝ። ፖሊሱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ አዛዡ ተሹሟል። አቤት የሚባልበት ደጅ አጣሁ።

ገዱ ሲመለስ እየሳለ ነው የገባ፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ጎረቤቱ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሲል እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ሲመሽ አባ ሊጠይቁት መጡ። ጎንበስ ብለው መስቀሉን ሊያሳልሙት ሲሉ እጃቸውን ያዘ።

"አባቴ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መሣሪያው አያውቀኝም፤ አዛዡም አያውቀኝም፤ አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን ያጠመቁኝ፣ ያቆረቡኝ ነዎት። ፊት ለፊቴ 'ብያለሁ' ሲሉ፣ እንጃ፣ ምናልባት አድርጌው ይሆን እንዴ ብዬ ወህኒ ውስጥ ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩ።"

አባ መስቀሉን እንደያዙ መደቡ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ።