በስህተት የተጠራ ለቅሶ

በፈረንጆቹ 1996 ጳውሎስ ካሮልተን ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው መድረክ ላይ ወጥቶ ከአስም መፈወሱን መሰከረ። ጠዋትና ማታ መድኃኒት የሚስብበትን ኢንሄለር እዚያው ትቶ ወረደ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ሚስቱ ሐዳሳ ግን እጇ ለጭብጨባ አልታዘዝ አላት።

ሐዳሳ ቤድፎርድ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች። የአስም ሕሙማን ሳንባ የታጠበበትን ውሃ በማይክሮስኮፕ ስታይ ነው የምትውለው። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ አስረዳችው።

"የአየር ቧንቧህ ሲቆጣ ደም ውስጥ ያሉትን ነጭ ሴሎች ይጠራል። እነሱም የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፉና ሾልከው ይገባሉ። ማንም ሳይሞት መርዶ የተነገረበት ቤት አስብ፤ ለቀስተኛው እየጎረፈ መተንፈሻ ያሳጣል። የተውከው መድኃኒት ነበር ጥሪውን የሚያስቆመው።"

"እየተነፈስኩ አይደል እንዴ? ሶ፣ ምስክርነቴን ካንስል ላድርግ?"

መተንፈሱስ ይተነፍስ ነበር። ምክንያቱን ያወቀችው ተሳፋሪ የሚያመላልስበትን ቫን ስታጸዳ ነው። ከመቀመጫው ሥር ሌላ ኢንሄለር፣ የጭንቅ ጊዜውን፣ አገኘች። ይህኛው የአየር ቧንቧውን ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ የሚገቡትን ሴሎች አይመልስም። ወደተወው መድኃኒት እንዲመለስ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት። "ሕዝቡን አላሰናክልም" አለ። በየእሁዱ የሚጠቀሰው የሱ ፈውስ ነበር፤ አስም ያለባት ምእመን አሰለፈችማ እሱን አይታ መድኃኒቷን ጥላለች። ሰው በጭብጨባ ይታሰራል ቢሏት ሐዳሳ ድሮ ትስቅ ነበር።

በጥቅምት ወር በአንዱ ጠዋት ጳውሎስ ሜስኪት ከተማ አጠገብ መንገድ ዳር በቆመ ቫን ውስጥ ራሱን ስቶ ተገኘ። ሐዳሳ ሆስፒታል ስትደርስ የሚተነፍስለት ማሽን ነው። አንጎሉ አየር አጥቶ ስለቆየ ተስፋ እንደሌለው ሐኪሙ ነገራት። ነርሷ ከእጁ ያላቀቀችውን ኢንሄለር ሰጠቻት። ባዶ ነው።

ምእመናኑ ሰምተው ኮሪደሩን ሞሉት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወንድም ምናሴ አልጋው ግርጌ ቆመ። "ሳንባው ተፈውሷል፤ ጠላት ግን ሊነጥቀን መጥቷል። በእምነት እናመስግን።"

ከኋላው አሰለፈች ደረቷን ይዛ ቆማለች። ትንፋሿ ያፏጫል። ሐዳሳ የባሏን ፊት አየች። ምስጢሩን እስከ መጨረሻው ልትጠብቅለት ፈልጋ ነበር፤ ያ ፉጨት ግን አላስቻላትም። ኢንሄለሩን አሳየቻቸው።

"ተደብቆ ይህን ይስብ ነበር። አልተፈወሰም። አሰለፈች፣ ዛሬውኑ መድኃኒትሽን ጀምሪ።"

አሰለፈች መጥታ አቀፈቻት።

"ሐዘን ነው የሚያናግርሽ፣ እኅቴ" አለቻት በርኅራኄ። ከዚያም ዓይኗን ጨፍና፣ እያፏጨች፣ ስለ ፈውሷ ማመስገን ጀመረች።