እግረኛዋ ገምጋሚ

በከተማው የፕላን ቢሮ ባልደረቦቿ «እግረኛዋ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ሥራ በጀመረች በአራተኛ ዓመቷ፣ በገዛ ፊርማዋ ሰበብ ነው።

ሥራዋ የሕንፃና የሰፈር ዲዛይን መገምገም ነው። ያኔ እጇ ፈጣን ነበር፤ ሌላው በሳምንት የሚጨርሰውን ፋይል በሁለት ቀን ታወጣዋለች። አንድ ቀን ዙሪያውን የታጠረ የመኖሪያ መንደር ዲዛይን ቀረበላት። ልኩ ሁሉ ደንቡን የጠበቀ ነው። ቦታውን በዓይኗ ሳታየው ፈረመች።

አጥሩ ባለቀ ማግስት አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ቢሮውን ይመላለሱበት ጀመር። አጥሩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያቋርጡበትን መንገድ ዘግቶባቸዋል፤ ባለቤታቸው ደግሞ እግራቸውን ያማቸዋል። እሷ በካርታው ላይ እንዲህ ያለ መንገድ እንደሌለ ደጋግማ አስረዳቻቸው። እውነቷን ነው፤ ካርታው ላይ አልነበረም።

በአምስተኛው ጊዜ ሽማግሌው ክርክሩን ተዉት።

«ልጄ፣ አንድ ቀን ብቻ አብረሽን ሂጂ» አሏት። «ከዚያ ወዲያ አላስቸግርሽም።»

ለመገላገል ብላ ሄደች። የሽማግሌው ባለቤት በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ በሌላው የእሷን ክንድ ይዘው አጥሩን ጥግ ጥጉን ዞሩ። ድሮ አሥር ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ሃምሳ ደቂቃ ወሰደ። ሦስት ጊዜ ዐረፉ። ሴትዮዋ አንዴም አላማረሩም፤ ይልቅስ አግብታ እንደሆነ፣ እናቷ በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ ይጠይቋት ነበር። ምን ብላ እንደመለሰች ዛሬ አታስታውስም። የምታስታውሰው ክንዷ ላይ የቀረውን የጣታቸውን ምልክት ነው።

በማግስቱ የራሷን ውሳኔ የሚቃወም ደብዳቤ ጽፋ አቀረበች። የክፍሉ ኃላፊ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጉድጓድሽን በገዛ እጅሽ ልትቆፍሪ ነው?»

«ፊርማው የእኔ ነው» አለች። «ስሕተቱም የእኔ ነው።»

የዚያን ዓመት የደረጃ እድገት ሌላ ሰው አገኘ። ታላቅ እህቷ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ወቀሰቻት። እሷም ሳቅ ብላ አለፈችው፤ ውስጧ ግን ከፍቶት ነበር። መንደሩን የሠራው ድርጅት ሁለት ዓመት ሲሟገት ከርሞ በመጨረሻ አጥሩ ላይ የእግረኛ በር ከፈተ። እሷም ከዚያ የእግር ጉዞ ወዲህ ቦታውን በእግሯ ሳትረግጥ አንድም ዲዛይን አልፈረመችም። ጠረጴዛዋ ላይ ፋይል ይከመር ጀመር፤ የቸኮለ ባለጉዳይ እሷ እንዳትደርሰው ይጸልያል።

በሩ በተከፈተ ሳምንት ልታየው ሄደች። ልብስ ሰፊውን እዚያው አገኘቻቸው። ምስጋና ጠብቃ ከነበረ፣ አላገኘችም። በሩ ከመጠን በላይ ሰፍቶ ሞተር ብስክሌት እየሾለከበት ባለቤታቸውን እንደሚያስደነግጥ ነገሯት። ሜትሯን አውጥታ ወርዱን ለካች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በበሩ መሐል የብረት ምሰሶ ተተከለ። ሴትዮዋ እዚያ ሲደርሱ እሱን ደገፍ ብለው ትንሽ ይተነፍሳሉ፤ ከዚያ ያልፋሉ።