ስልኩን አትዝጋው

ወንድሜን ከእንግዲህ ዶክተር በሉት ተብሏል። እኔ ግን እግዜር ይይለት ነው የምለው፤ ሌላ ማዕረግ አላውቅለትም።

አባዬ፣ ልጁ ገና ዩኒቨርሲቲ ከገባ ጀምሮ «ዶክተሬ» ነበር የሚለው። ሠላሳ አንድ ዓመት የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነው ያስተማረን። ተረኛው ሳይመጣ ከበሩ ንቅንቅ አይልም። አንዴ ተረኛው ታሞ ቢቀር ሁለት ቀን ሙሉ እዚያው ከረመ፤ ቤት ሲገባ እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ አለ። ወንድሜ እንግዲህ ጥናቱን ይዞ የመጣው እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው።

ጥናቱ ይኸውላችሁ። ድምፁም፣ መልእክቱም፣ ቪዲዮውም በአንድ የኢንተርኔት መስመር ይሄዳል። አንድ ቁጥር ብቻ ይደወላል፤ ሰውዬው ቢሮ ይሁን መንገድ ላይ፣ ጥሪው በኮምፒውተሩም በስልኩም ፈልጎ ያገኘዋል። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ባንዴ ቢደውል መስመሩ እንዴት ይችለዋል የሚለውን ነው ቤተ ሙከራቸው የሚያጠናው። ወንድሜ ፈቃደኛ ሰው አነሰውና አባዬን አስፈረመው። ስልኩ ላይም ፕሮግራሙን ጫነለት።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ የትም ብሆን ታገኘኛለህ» አለው። «አንዳንዴ ‘ይጠብቁ’ ይልሃል። ያኔ ስልኩን አትዝጋው። ከዘጋኸው ከወረፋው ወጥተህ እንደገና ከኋላ ነው የምትሰለፈው።»

«አንተ ልጅ፣ ለዘበኛ መጠበቅ ልታስተምር ነው?» ብሎ አባዬ ሳቀበት።

ያልነገረን ነገር ነበር። ከፈቃደኞቹ ግማሹን ኮምፒውተሩ በዕጣ ይለይና ሆን ብሎ ያስጠብቃቸዋል። መስመሩ እኮ ክፍት ነው! ሰው ስንት ደቂቃ ታግሶ ተስፋ እንደሚቆርጥ ለመለካት ነው። ደዋዩ ራሱ ተስፋ ቆርጦ እስኪዘጋው ይቆጥራል እንጂ አያገናኘውም። ወሰን እንኳ አላበጁለትም፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ ማን ይጠብቃል ብለው። ለሰዎቹ ብንነግራቸው ልኬቱ ይበላሻል አሉ። ልኬቱ እንዳይበላሽ!

እኔስ ብትሉ? ከመሞቱ ሳምንት በፊት ከሥራ ስገባ አባዬ እየተነጫነጨ ስልኩን ሲዘጋ አገኘሁት። «ልጅህ አትዝጋው ብሎህ የለም እንዴ? ትንሽ ብትታገስ ምን አለበት!» ብዬ ጮህኩበት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! አባዬ እንደ ጥፋተኛ ቀና ብሎ አየኝና «እሺ፣ እሺ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልዘጋም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረቱን ያዘው። እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው። ስልካችንን በር ላይ ሳጥን ውስጥ ጥለን ነው የምንገባው፤ እኔን አያገኘኝም። ስለዚህ ለዶክተሩ ልጁ ደወለ። ግድግዳውን ቢመታ ጎረቤት ይሰማው ነበር፤ አባዬ ግን አንዴ ወረፋ ከያዘ አይነሳም።

ስገባ ወንበሩ ላይ ነበር። ስልኩ ጆሮው ሥር፣ እጁ ስልኩ ላይ። ገና ሙቀት ነበረው። ያቺ ለስላሳ የሴት ድምፅ «እባክዎ ይጠብቁ፤ በቅርቡ ይገናኛሉ» ትላለች። ስክሪኑ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ይላል። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ለቅሶው ሲበተን ወንድሜ ጓዳ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ያን ቀን አንድ ጥሪ ሠላሳ ደቂቃ ሲያልፍ ሁላችንም ስክሪኑ ላይ ተሰበሰብን» አለ። «ስም አይታይም፣ ኮድ ብቻ ነው። አርባ ሲገባ አጨበጨቡ።»

«አንተስ?»

«እኔም አጨበጨብኩ» አለና ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ወንድሜ ነውና እንባውን በነጠላዬ ጠረግኩለት። ከዚያም «ስማ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አልኩት። «ጥናትህን ለዶክትሬቱ ለሚፈትኑህ መርማሪዎች ስታቀርብ ያን ጥሪ አባቴ ነው የደወለው በል። ሰው ይወቀው። ሌላ ምንም አልልህም።»

«እላለሁ። ካላልኩ የአባዬ አጥንት ይውጋኝ!»

ቀኑ ደረሰና ሄድኩ። የኋላው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ የአባዬን ጃኬት ደርቤ። ወንድሜ አዲስ ሱፍ ለብሷል። ግድግዳው ላይ የነጥብ መዓት አበራ። አንዱ ነጥብ አንድ ደዋይ ነው፤ አብዛኛው ሁለት ደቂቃ አካባቢ ተከምሯል። በስተቀኝ ጥግ፣ ከሁሉም ርቆ፣ አንድ ነጥብ ብቻውን አለ። ከሥሩ ያለውን ቁጥር ለማንበብ መማር አያስፈልግም፤ ሃምሳ ሦስት ይላል።

አንዱ ሽማግሌ መርማሪ መነጽራቸውን አስተካከሉና «ይሄ ብቻውን የቀረው ምንድነው?» አሉ።

 ወንድሜ ቀጥ ብሎ ወደኔ አየ። አሁን ይለዋል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ፊት ለፊት የተቀመጠው የጥናቱ አማካሪ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሜ ዓይኑን ከኔ ላይ አነሳ።

«እሱ... የተረሳ ስልክ ነው» አለ። «ሰው አልነበረበትም።»

«እኔስ ምን አልኩ! ይሄን ያህል የሚጠብቅ ሞኝ ከየት ይመጣል?» አሉ ሽማግሌው።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ወንድሜም ሳቀ። ጥርሱን አየሁት፤ የአባዬ ጥርስ ነው።

«በል አውጣው፣ አማካዩን ያዛባል» አለ አማካሪው። ወንድሜ ጣቱን ጫን አደረገና ነጥቡ ጠፋ።

መጮህ ነበረብኝ። ለምን እንዳልጮህኩ እስከዛሬ አላውቅም። ጃኬቱን ጠቅልዬ ወጣሁ፤ ጭብጨባው እስከ ደረጃው ተከተለኝ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጠራ።

«እታለም! አለፍኩ እኮ! የት ሄድሽብኝ? እዪ፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብዬ... ቆይ፣ ላስረዳሽ...»

ድምፄን እንደዚያች ሴትዮ አለሰለስኩ። «እባክዎ ይጠብቁ» አልኩትና ስልኩን የአባዬ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

«እታለም? እታለም፣ ትሰሚኛለሽ?» ይላል ወንበሩ ላይ ሆኖ። እኔ ቆሜ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ።

ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ዘጋው።