ማሽኖቹ ዝም ያሉ ዕለት

ከመተኮሻው ማሽን የሚወጣው አንሶላ ይፋጃል። አንጋፋዋ አጣቢ እትዬ በአንዱ ጫፍ፣ ተማሪዋ በሌላው ጫፍ ይቀበሉታል፤ ይወጥሩታል፣ ይጠጋጋሉ፣ ጫፍ ከጫፍ ያገናኛሉ፣ መልሰው ይራራቃሉ። እንዲህ ሲጠጋጉና ሲራራቁ ስለከረሙ አንዳቸው የሌላኛቸውን ልብ ከእጅ አያያዝ ያነባሉ። ያን ዕለት ጠዋትም እትዬ ገና በመጀመሪያው አንሶላ ላይ ነቁባት።

«ጫፉ ከእጅሽ እያመለጠ ነው» አሉ። «በመመረቂያ ጥናትሽ የሚፈትኑሽ ዛሬ ነው አይደል?»

«ረፋድ ላይ ነው፣ እትዬ።»

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ስሟን የሚጠራ አልነበረም፤ ሁሉም «ተማሪዋ» ይሏታል። ወደዚህ አገር የመጣችው በተማሪ ቪዛ ነው። የአገሩ ሕግ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሙሉ ቀን ቢሠራ አይከለክልም፤ ትምህርቱ በተቋረጠ ማግስት ግን የሥራ ፈቃዱም አብሮ ያበቃል። እሷ ዘንድ ደግሞ ትምህርቱ የሚቆመው በሥራው ነው። አንዱ ቢወድቅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ታላቅ እህቷ በስልክ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ባለቻት ቁጥር «ዛፎቹ ከተቃቀፉስ?» ትላታለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ለእህቷ ያልነገረቻት ነገር ቢኖር ኑሮውን መውደዷን ነው። ማታ ትከሻዋ ይዝላል፤ አውቶቡስ ውስጥ መጽሐፍ ደረቷ ላይ እንደተከፈተ እንቅልፍ ይጥላታል። ሆኖም ጠረጴዛ ላይ አልፈታ ያለው ሐሳብ እጇ አንሶላ ሲያጥፍ ቀስ ብሎ የሚፈታበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለው ቀን የምትመገበው ምሳ እንኳ ይጣፍጣታል።

አለቃው ከበሩ ብቅ ሲል ሁሉም ቀና አሉ። ከእጅ ሰዓቱ ዓይኑን ስለማይነቅል፣ በሌለበት «ደቂቃ» ይሉታል።

«ዛሬ ማንም አይወጣም» አለ። «ሌሊት ላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ አልጋው ሁሉ በስብሷል። ሁለት ሠራተኞችም ታመው ቀርተዋል።»

ተማሪዋ አንሶላውን እንደያዘች ቀረች። «አለቃ፣ እኔ እኮ ባለፈው ሳምንት ፈቅደውልኛል።»

«ፈቅጄልሻለሁ። ቧንቧው ግን እኔን አላስፈቀደኝም።» ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «በሽተኞቹ ባዶ ፍራሽ ላይ ናቸው።»

ሰውየውን ልትጠላው ፈለገች፤ አልሆነላትም። እውነቱን ነበር። ጥላ ብትሄድ ነገ የምትመለስበት ሥራ የለም፤ ብትቀር ደግሞ ቀጠሮው ያልፋል፣ የትምህርት ዘመኑ ያልቃል፣ ቪዛውም አብሮት። ልቧ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ድንገት ረጋ።

«እሺ፣ አልወጣም» አለች። «እዚሁ ሆኜ በስልክ ልቅረብ። አንዱ ፈታኝም የሚገቡት በቪዲዮ ነው፤ አማካሪዬን እለምናቸዋለሁ። ብቻ ለጥቂት ጊዜ ማሽኖቹን ቢያቆሙልኝ።»

አለቃው ሰዓቱን አየ። መልስ ሳይሰጥ እትዬ ቀደሙት።

«ስማኝ ልጄ፤ የደረቀውን በእጃችን እያጠፍን እንጠብቃለን። ለባከነው ሰዓት የምሳ ሰዓታችንን ውሰድ።»

«የእኔንም» አለ ማድረቂያው ጋ የቆመው ግዙፉ ሰው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቃው «እንግዲያው ከምሳ ሰዓታችሁ ይታሰባል» ብሎ ዞሮ ወጣ።

አማካሪዋ ተስማሙ። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩን ከሳሙና በርሜል ጋር አስደግፋ ቆመች። እትዬ ከበስተኋላዋ ንጹሕ አንሶላ ሰቀሉላት፤ የፀጉር መሸፈኛዋንም አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት። ያኔ ማድረቂያዎቹ ተራ በተራ እያቃሰቱ ቆሙ። ቀጥሎ መተኮሻው። እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም፤ የገዛ ድምፅዋ እንግዳ ሆነባት።

ጥናቷ ስለ ጥቁር አፈር ነበር፦ ሲጠማ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ሲጠጣ እንዴት እንደሚያብጥ፣ የተሠራበትን ሁሉ ለምን እንደሚያናጋ። መጀመሪያ በቃሏ የያዘችውን አጣደፈችው። ኋላ ግን ዓይኗ በድምፅ አልባ እርምጃ አንሶላ ይዘው በሚጠጋጉትና በሚራራቁት ባልደረቦቿ ላይ ሲያርፍ ትንፋሿ ተስተካከለ፤ ነገሩም ከአፏ እንደ ወሬ ይወርድ ጀመር።

«ዝናብ የደፈነው ስንጥቅ» አሉ በመጨረሻ አንዷ ፈታኝ፣ «በሚቀጥለው ድርቅ የሚከፈተው በዚያው ቦታ ነው ወይስ በሌላ?»

እትዬ አንሶላውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ።

«እኔ ባየሁት አፈር አብዛኛው በዚያው ተከፍቷል» አለች። «አንዳንዱ ግን ቦታ ቀይሯል። ለምን እንደቀየረ አላውቅም። የምቀጥለው ከዚያ ነው።»

ፈታኟ አንድ ነገር ጻፉ። ለመመካከር ስክሪኑን ዘጉ፤ አንሶላ የሚያጥፉትም የያዙትን እንደያዙ ቀሩ። ሲከፍቱት አማካሪዋ ፈገግ እያሉ ነበር። አልፋለች፤ የሚስተካከሉ ገጾች አሉ፤ ለቀጣዩ ዲግሪ ብታመለክትም ደስ ይላቸዋል።

ማንም አልጮኸም። ግዙፉ ሰው ብቻ በደረቀ ፎጣ ፊቱን ጠረገ። እትዬ ግንባሯን ስመው «በይ ነይ፣ ያዢ፤ ሙያሽ ምሳችንን በልቶብናል» አሉ። ሳቁ ከማሽኖቹ ቀድሞ ተነሣ።

አለቃው ከማብሪያው አጠገብ ነበር፤ መቼ እንደገባ ያየው የለም። ማሽኖቹን ለማስነሣት የዘረጋውን እጁን መለሰና ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«የእናቴ ቤት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መሬቱ ጥቁር ነው። ግድግዳውን በየዓመቱ እለስናለሁ፤ በየዓመቱ ይሰነጠቃል። እሳቸው እኔ አላዋቂ ስለሆንኩ ይመስላቸዋል።»

ተማሪዋ አንሶላዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በየት በኩል ነው? በመስኮቱ ወይስ በማእዘኑ?»

አለቃው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በእጁ አየር ላይ ግድግዳውን ይሠራ ጀመር፦ በሩ እዚህ፣ መስኮቱ እዚህ፣ ዛፉ ደግሞ እዚያ ማዶ። እሷም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጣቱን ትከተል ነበር። የቀሩት ቆመው ያዩ ነበር፤ ሰዓቱን ያስታወሰው ሰው አልነበረም።