አሥሩም አሉ

እማማን የሚያስፈራቸው የመጋዙ ጩኸት አልነበረም። የሚያስፈራቸው ጩኸቱ ሲቆም ነው።

መጋዙ ክርርር እያለ እንጨቱን ሲበላ፣ ጓዳ ተቀምጠው ሩዝ እየለቀሙ፣ «እሺ፣ ደህና ናት» ይላሉ። ድምፁ ቀጥ ሲል ግን እጃቸው ትሪው ላይ ይደርቃል። የዛሬ ሃያ ዓመት በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ አናጢው ባላቸው እየሠራ ሳለ መጋዙ እንዲሁ በመሐል ቆሞ ነበር። እማማ «ደክሞት ይሆናል» ብለው የያዙትን ልብስ አጥበው፣ አስጥተው ጨረሱ። ሲሄዱ ሰውየው ግራ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። «አትደንግጪ፤ ሦስት ብቻ ነው» አላቸው። ሦስት ጣት! እሱስ በተረፉት ጣቶቹ እየቀለደ ኖሮ በዕድሜው ሞተ፤ ካረፈ ስድስት ዓመቱ። እማማ ግን ያን ልብስ አጥበው የጨረሱበትን ጊዜ እስከ ዛሬ ለራሳቸው ይቅር አላሉም።

ስለዚህ አሁን በዚያው ክፍል ከምትሠራው የልጅ ልጃቸው ጋር ውል ተጋብተዋል። መጋዙ በቆመ ቁጥር፣

«ስንት?» ብለው ይጣራሉ።

«አሥር!» ትላለች ጥድፌ ከሥራ ክፍሉ።

ጥድፌ የቤት ስሟ ነው፤ በሰባት ወሯ ተጣድፋ ስለተወለደች የወጣላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷታል፤ ጥድፊያው ግን አልለቀቃትም። እናትና አባቷ ቀኑን ሙሉ ሥራ ስለሚውሉ ቤቱ የሁለቱ ነው። ሥራዋ ስቲከር ነው። ፊደሎቹን ከሚለጠፍ ፕላስቲክ ላይ በማሽን ትቆርጥና በመኪናና በሱቅ መስታወት ላይ ትለጥፋቸዋለች። አንድ በአንድ ቢነሱ ስለሚጣመሙ፣ ከላያቸው ሰፊ ነጭ ፕላስተር ይለጠፍባቸዋል፤ እሱ ከነአሰላለፋቸው ብድግ አድርጎ ቦታቸው ላይ ያሳርፋቸዋል። የፕላስተሩ ጥቅል ወርዱ ክንድ ሙሉ፣ ክብደቱ የጨቅላ ልጅ ያህል ነው። እስካሁን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ ነበር የምትተረትረው። እሱም እርስ በርሱ እየተጣበቀ መከራዋን ያበላታል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ፀጉር ቤትን ስም አጨማዶት፣ ባለቤቲቱ «እኔ ሳላረጅ ስሜ አረጀ?» ብላ መልሳዋለች።

«ማቆሚያ እሠራለታለሁ» አለች ጥድፌ በማግስቱ።

«ተሠርቶ አይሸጥም?»

«የሚሸጠው ጠባብ ነው። የአባባን ክፍል ቁልፍ ስጪኝ።»

የባላቸውን ክፍል ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው የሰጡት ራሳቸው እማማ ናቸው። እምቢ ቢሉ በመስኮት እንደምትገባ ያውቃሉ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እያሉ ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ማቆሚያው ሲታይ ቀላል ነገር ነበር። ሁለት የጣውላ ጎኖች፣ ጎኖቹ አናት ላይ እንደ ጽዋ የተቦረቦረ ጉድጓድ፣ በጥቅሉ መሐል አልፎ ሁለቱ ጉድጓዶች ላይ የሚያርፍ የውኃ ቱቦ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን እማማ ሻይ ይዘው ሲገቡ፣ በፊት ለፊቱ ጠርዝ ላይ አንድ አዲስ ነገር አዩ።

«ይሄ ጥርሱን ያገጠጠው ምንድን ነው?»

«የብረት መጋዝ ምላጭ ነው። ፕላስተሩን ስቤ ወደ ታች ጫን ሳደርገው ቀጥ አድርጎ ይበጥስልኛል።»

«ጣት ይቆርጣል?»

«ፕላስተር ነው የሚቆርጠው።»

«ጣት ከፕላስተር ይጠነክራል?»

«ኧረ እማማ! እንዳንቺማ ቢሆን ዳቦም በማንኪያ ነበር የምንቆርጠው።»

«ምን ይለዋል? እቆርጠዋለሁ።»

ውጭ ጡሩምባ ተነፋ። የትምህርት ቤቱ መኪና ሾፌር ነው። ከኋላ በሩ ላይ በቀይ ፊደል «ተጠንቀቅ! ልጆች ይወርዳሉ» ተብሎ እንዲጻፍለት ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ ልጆቹ ከትምህርት ሳይወጡ መመለስ አለበት። ፊደሎቹ ተቆርጠው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ጥድፌ ጨርቅና ውኃ ይዛ በሩን ልታጥብ ወጣች።

እማማና ምላጩ ብቻቸውን ቀሩ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይሄ ግን ልጥ አይደለም፣ ራሱ እባቡ ነው። ጥርሶቹን ቆጠሩ፤ ሠላሳ ላይ ሲደርሱ ተዉት። ጠረጴዛው ላይ ለዕቃ ማሸጊያ የሚሆን መስታወት የመሰለ ፕላስተር አለ። ዞር ብለው በሩን አዩ። ከዚያ ምላጩን ከዳር እስከ ዳር ለበጡት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ለማንኛውም ብለው ሦስቴ። ጫፉን እንደ ልማዳቸው አጠፍ አድርገው ተዉት። ቢበዛ ትንሽ ይደንዝ ይሆናል እንጂ ምን ይጎዳል? ሩዛቸው ጋ ተመለሱ። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሻቸው እስከ ሆዳቸው ወረደ።

ጥድፌ ስትመለስ ኮቴዋን ሰሙ። ከዚያ ጥቅሉ ሲተረተር፣ ትርርር አለ።

«እንዴ!» አለች ጥድፌ። «እምቢ አለኝ እኮ!»

እማማ አንገታቸውን ደፉ።

«ቶሎ በይ እንጂ!» አለ ሾፌሩ ከግቢ። «ልጆቹ በእግራቸው ሊመጡ ነው!»

«መጣሁ!»

ትርርር። አሁን ደግሞ ጠንከር ብሎ። እማማ አፋቸውን ከፈቱ፣ «ተይው» ሊሉ። ቃሉ ሳይወጣ ክፍሉ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፤ ጣውላ ተሰነጠቀ፣ ቱቦው ሲሚንቶው ላይ ጮኸ፣ ተንከባለለ፣ ቆመ።

ጸጥ።

«ስንት?» አሉ እማማ።

መልስ የለም።

«ስንት? ጥድፌ! ስንት?»

ትሪው ከጭናቸው ወደቀ። እንዴት እንደተነሡ አያውቁም። ከጓዳ እስከ ሥራ ክፍሉ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን እግራቸው የሰው እግር ሆኖባቸው መንገዱ አላልቅ አለ። አሁን ልብስ አላጠብኩም፣ አሁን አልቆየሁም፣ ይላሉ በልባቸው። ቀጥሎም፣ ግን እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ።

ማቆሚያው ተገልብጧል። ጥቅሉ ነጭ ጭራውን እየጎተተ ጥግ ድረስ ሄዷል። ጥድፌ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ያንኑ ግድግዳ። አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለውም። ቀኝ እጇ እስከ አንጓዋ በነጩ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ነጩ ላይ ቀይ አለ።

 እማማ በእንብርክካቸው ደረሱ።

«እናቴ፣ ቤቱ ፈረሰ እንዴ?» እያለ የገባው ሾፌር ቀልዱን ዋጠ። «ኧረ በፈጣሪ!»

እማማ አልሰሙትም። ቀዩን ነኩት። አልረጠበም። እንደገና ነኩት። ከጠረጴዛው የተነሣ ፊደል ነው፣ የ«ተጠንቀቅ» የመጨረሻው «ቅ»። ያም ሆኖ አላመኑም። ከሥሩ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ፕላስተሩን እንደ ጨቅላ መጠቅለያ ቀስ እያሉ ይልጡት ጀመር።

«አንድ… ሁለት…»

«ማቆሚያው…» አለች ጥድፌ፣ ትንፋሿ ሲመለስ። «ሆዴን ሲመታኝ… አየር…»

«ዝም በይ! አራት ላይ ነኝ።»

አምስት። ግራውን አንሥተው እንደገና ከአንድ ጀመሩ። አምስት። የአውራ ጣቷ ጥፍር መጥቆር ጀምሯል፤ ግን አለ። አሥሩም አሉ። እማማ እጆቿን እቅፋቸው ውስጥ ከተው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

ቀና ሲሉ ጥድፌ ምላጩን እያየች ነበር። ምላጩ ሲወድቅ ክንዷ ላይ አርፎ ኖሮ፣ ቀጭን የሰንበር መስመር ጥሎባታል። ጎንበስ ብላ ምላጩን በጥፍሯ ፈተሸችው፤ የታጠፈውን ጫፍ አገኘች።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ፕላስተር ለብጦ ጫፉን የሚያጥፈው ማን ነው?»

አይጥ ነው ሊሉ ቃጥቷቸው ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እሳቸው ባይሸፍኑት እኮ ክንድሽን…» ሲል ሾፌሩ ሊያስታርቅ ጀመረ።

«ባትሸፍነው መጀመሪያውኑ አይወድቅም!» አለች ጥድፌ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ምላጩን እኮ እፈራዋለሁ፣ እማማ። ስለምፈራው ነው ቀስ ብዬ የምነካው። አንቺ ግን ደበቅሽብኝ። የምፈራው ነገር የት እንዳለ ካላወቅኩ በምን እጠነቀቃለሁ?»

 እማማ ለማንም ነግረውት የማያውቁትን የዚያን ልብስ ነገር ነገሯት፤ ስንት ሸሚዝ እንደነበረ፣ ገመዱ ላይ እንዴት እንዳሰጡት ሳይቀር። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። 

«እኔ ዝም ስል ምን እንደሚመስልሽ አላወቅኩም» አለች ጥድፌ።

«አሁን እወቂ።»

ሾፌሩ ነገ ሊመለስ ቀጠሮ ይዞ ልጆቹን ለማምጣት ሄደ። የተሰነጠቀው ጎን መለወጥ ነበረበት። እማማ ወደ ጓዳ አልተመለሱም። መነጽራቸውን አድርገው የወደቀውን ዕቃ እንደ በሽተኛ አገላበጡት።

«ይሄን ቱቦ ከላይ ምን ያዘው?»

«ምንም። ክብደቱ ይይዘዋል ብዬ ነው።»

«የስፌት መኪናዬ ክር እንኳ ክዳን አለው፤ ይሄ ጉድ ክዳን የለውም! ከጠረጴዛውስ ጋር አልታሰረም?»

ጥድፌ ፈገግ ላለማለት ታገለች። ጉድጓዶቹን ከላይ የሚዘጋ የብረት ቁራጭ በብሎን አሰረች፤ ማቆሚያውንም ከጠረጴዛው ጋር አያያዘችው። እማማ ደግሞ ከአሮጌ የውኃ ጎማ ክንድ ያህል ቆርጠው፣ በቁመቱ ሰንጥቀው፣ ምላጩ ላይ የሚጠልቅና የሚወልቅ ልብስ አበጁለት። በቀይ ክርም አሰሩት፣ ከሩቅ እንዲታይ።

«ሽፋን ከሆነ የሚታይ ሽፋን» አሉ።

አንድ ጣውላ ቀርቶ ነበር። «ያዥልኝ» አለች ጥድፌ። እማማ በሁለት እጃቸው ጫኑት። መጋዙ ክርርር ብሎ ጀመረ፤ እንጨቱ ከመዳፋቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቆመ።

ዓይናቸው እጇ ላይ ሆኖ እንኳ፣

«ስንት?» አሉ።

ጥድፌ የራሷን አየች፤ ጣውላው ላይ የተጫኑትን የእማማንም አየች።

«ሃያ» አለች። «አሁን ጣቶችሽን ትንሽ ወደ ዳር አድርጊያቸው፣ ልጨርሰው።»