አባ ብቻ ያንብቡልሽ

የሻምበል ሰብስቤ እናት፣ እትዬ ጥሩብርሃን፣ የልጃቸውን ደብዳቤ የሚያስነብቡት የንስሐ አባታቸውን ነበር። የዚያን ቀን ግን አባ ተክለሃይማኖት ለለቅሶ ወደ ሳንሱሲ ሄደዋል፤ እትዬ ደግሞ ከአስመራ በፈቃድ የመጣ ወታደር በእጁ ያቀበላቸውን ፖስታ ይዘው ማደር አልቻሉም። ወደ እኔ መጡ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቃቅሜ ማንበብ መቻሌን ኮልፌ ሁሉ ያውቃል። ሻምበል ብቻ አያውቅም።

ሰላምታው እንደ ወትሮው ረጅም ነበር። ቀጥሎ፣ «ይህን አባ ብቻ ያንብቡልሽ፤ እነ አሰፋ ቤት እንዳይሰማ» ይላል። ማስጠንቀቂያውን እፖስታው ውስጥ አሽጎ የሚልክ ሰው ነው እንግዲህ ጦር የሚመራው።

አሰፋ ወንድሜ ነው። ሻምበል በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ለፈቃድ መጥቶ፣ ገንጣዮቹ አንድ ሐሙስ እንደቀራቸው በቀበሌው አዳራሽ ሲሰብክ፣ አሰፋ ከፊት ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ይሰማው ነበር። ማታ ደግሞ እቤታችን ገብቶ፣ የእናቴን ጉልበት ስሞ፣ አሰፋን ከጎኑ እንደማያርቀው ማለ። ወንድሜ በገዛ እግሩ ሄዶ ተመዘገበ።

ማንበቤን ቀጠልኩ።

«እማዬ፣ ይህን ጦርነት አናሸንፍም። የምንዋጋበትንም ነገር ካላመንኩበት ቆየሁ፤ ለወታደሮቼ ግን በየጠዋቱ እምላለሁ። በዛብህን ቀበሌ ሳይደርስበት ጎጃም አጎቴ ዘንድ ስደጂው። የሰው ልጅ እያለቀ ነው፤ የእኛ አንዱ ይትረፍ።»

በዛብህ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ የአሰፋ እኩያ።

አንዲት ቃል አልዘለልኩም። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ልጄ፣ ይሄ ከወጣ ሰብስቤን ይረሽኑብኛል» አሉኝ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። አልከለከልኳቸውም፤ የማለልን ልጃቸው እንጂ እሳቸው አይደሉም።

አሰፋ የሚሄደው በማግስቱ ነበር። ሮጬ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ጫማውን እየወለወለ ሳቀብኝ።

«ፊደል በቆጠርሽ ማግስት ሰው መክሰስ ጀመርሽ? ሻምበል እንዲህ ብሎ አይጽፍም። እስቲ ወረቀቱ የታለ?»

ወረቀቱ አመድ ሆኗል።

ጠዋት ወንድሜን ኦራል ላይ ጭነው ወሰዱት። እናቴ ሰው ፊት ላለማልቀስ እልል አለች። በዛብህ በዚያው ሰሞን ከሰፈር ጠፋ፤ እትዬ ለጠየቃቸው ሁሉ ታሞ ጠበል መሄዱን ይናገራሉ።

ወታደሩ ፈቃዱን ጨርሶ ሲመለስ እትዬ መልስ አጻፉኝ። ምስጢሩ አንዴ እኔ ዘንድ ስለገባ ሌላ ጆሮ መጨመር ፈርተዋል። ጤናቸውን፣ የበዛብህን ጠበል፣ የጎረቤቱን ሰላምታ ጻፍኩ። ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው አንተ አልኩት።

«ሻምበል፣ አሰፋ ወደ አንተ መጥቷል። ለእናቴ የማልከውን አልረሳንም። የላክኸውን ያነበቡት አባ አይደሉም፤ እኔ ዘመነች ነኝ።»

«ምን ብለሽ ጨረስሽው?» አሉኝ እትዬ።

«የእኛን ቤት ሰላምታ ነው» አልኳቸውና ፖስታውን በምራቄ አሸግሁት።